ጥላው የተሸጠ ዕለት

አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ ከሚሴ ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ለአንድ ሥጋ ቤት በሬ መሳል ነበር። ባለቤቱ ሥዕሉን አየና «በሬው ከስቷል፣ ደንበኛ ያባርርብኛል» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ሻኛውን አተለቅሁለት። ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤቱም፣ ጎማ ጠጋኙም፣ ሞባይል ሻጩም ተከታትለው መጡ፤ ዛሬ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ከተሰቀለው ሰሌዳ ብዙው የእኔ እጅ ሥራ ነው። ቁጡ መሆኔንም ከተማው ያውቃል። በዋጋ ተስማምተን፣ ሥራው ካለቀ በኋላ «ትንሽ ቀንሺ» የሚለኝ ሰው ካለ ሰሌዳዬን ተሸክሜ እመለሳለሁ።

ሰሌዳ ስጽፍ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ሰው የሚሸጠውን ሁሉ ያስጽፋል፤ የሚኖርበትን ማንም አያስጽፍም። የቦርከናን ውሀ፣ ጧት ጧት ጨፋ ሜዳ ላይ የሚተኛውን ጭጋግ፣ ረግረጉ ላይ የሚሰፍሩትን ወፎች አስተዋውቂልኝ ብሎ የመጣ የለም። አንድ ቀን ለእነሱም እጽፍላቸዋለሁ እያልኩ ሐሳቡን ይዤው ቆየሁ። ከሐሳብ አውጥቶ ወደ ሥራ ያስገባኝ የዋርካው ነገር ነው።

ዋርካው ያለው ጨፋ ሮቢት፣ የከብት ገበያው ዳር ነው። አባቴ የከብት ደላላ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው በዚያ ዋርካ ስር ነው። በገበያ ቀን ከቆላ የመጣው አርብቶ አደር፣ ከደጋ የወረደው ገበሬ፣ ከሩቅ የመጣው ነጋዴ ሁሉ እዚያው ይሰበሰባል። ከግንዱ ተጠግታ ስንት ዓመት አሬራ የሸጠች አንዲት ሴትም አለች። ቅቤው የወጣለትን ወተት በቅል ይዛ ትመጣና በኩባያ ትሸጣለች። የጨፋ ፀሐይ ምሕረት የለውም፤ ቅሉ ሜዳ ላይ ከዋለ እስከ ቀትር አሬራው አይጠጣም። ጥላው ከሌለ የእሷ ንግድ የለም ማለት ነው።

መሬቱ የአንድ እህል ነጋዴ ሀጂ ይዞታ ነው። ሀጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዘካቸውን ያወጣሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ባለፈው ዓመት ግን ቦታው ላይ መጋዘን ሊሠሩ ቆረጡና ዋርካው ከአረፋ በፊት ይወድቃል ተባለ። ወሬውን የሰማሁ ቀን ሮጬ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ዝም ትላለህ?» አልኩት።

«የሰው ንብረት ነው። ምን እንድል ነው?»

«ዕድሜህን ሙሉ የቆምክበት ነው።»

«የቆምኩበት ነው እንጂ የገዛሁት አይደለም» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ እርጋታው ነው። ዛፉ ሲወድቅ ታየኝ፣ እሱ ሜዳው መሀል ፎጣውን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ሲቆም ታየኝና አለቀስኩ።

ዛፉን ማዳን አልችልም። የምችለው መሳል ነው። ስለዚህ እዚሁ ከሚሴ፣ መናኸሪያው አጠገብ ገና ተከራይ ያላገኘ አዲስ ሱቅ ለሦስት ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኩና ኤግዚቢሽን አዘጋጀሁ። ለሥጋ ቤቱና ለፀጉር ቤቱ በምጽፍበት በዚያው ቀይና ቢጫ ቀለም፣ በዚያው ደማቅ ፊደል ሰሌዳዎች ሠራሁ። «ጭጋግ፦ ትኩስ ትኩሱን፣ ዘወትር ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ።» «የቦርከና ውሀ፦ በጅምላና በችርቻሮ።» «የወፍ ጫጫታ፦ ለሠርግና ለልዩ ልዩ ዝግጅቶች።» በትልቁ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ያንን ዋርካ ከነግንዱ፣ ከነጠባሳው ሳልኩና «ጥላ፦ ሰፊና ነፋሻማ፣ ለመኖሪያም ለድርጅትም የሚሆን» ብዬ ጻፍኩበት። ሁሉም ስር «ዋጋ በድርድር» የሚል አለ። ወለሉ ላይ የዋርካ ቅጠል አድርቄ፣ በብር ኖት ልክ ቆርጬ በተንኩ። ሰው ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ፣ ደላላ። የአባቴ ሥራ በእጅ ነው። ወጣት ሳለ ባቲ ግመል ገበያ ላይ የተማረው ነው፤ ሻጭና ገዢ ዋጋ አይጠሩም። ደላላው ፎጣውን እጃቸው ላይ ጣል ያደርግና ከጨርቁ ስር በጣት ይነጋገራሉ። ስንት ጣት እንደተያዘ፣ ስንቴ እንደተጨበጠ የሚያውቁት ተደራዳሪዎቹና ደላላው ብቻ ናቸው፤ ዙሪያውን የከበበው ሰው ፊታቸውን እያየ ይገምታል። ጭብጡ ከጸናና ዱዓ ከተደረገ አለቀ፣ ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ደላላ ደግሞ ከጨርቁ ስር ያለፈውን ዋጋ ለሚስቱም አይናገርም።

«አባ፣ ፎጣህን ይዘህ መጥተህ ሰው አደራድርልኝ» አልኩት።

«በምን ላይ?»

«በጭጋግ ላይ።»

ቆም ብሎ አየኝ። «ያ ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ሆይ ማለቱ ነው፣ ሲያዝንልኝ በኦሮምኛ ነው የሚያዝንልኝ። «አሞሻል እንዴ?»

ሳምንት ሙሉ ለመንኩት። በመጨረሻ እሺ ያለኝ በሁለት ነገር ነው። «የራሱ ያልሆነውን የሚሸጥ ሰው እኔ ፊት አይቀመጥም። ሁለተኛው፣ እጅ ጨርቅ ስር ከገባ ቀልድ የለም። የተጨበጠ ተጨበጠ ነው።» እሺ አልኩ። ምን ያመጣል ብዬ ነው እንጂ ቃሉን ልብ ብዬ እንኳ አልሰማሁትም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቁ ጢም አለ። ገሚሱ የደላላው ልጅ ምን አበደች ብሎ ነው የመጣው። አንድ የባጃጅ ሹፌር አባቴ ፊት በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ጉብ አለና «እኔ ጭጋጉን እሸጣለሁ» አለ።

«ያንተ ነው?» አለው አባቴ።

«የአላህ ነው።»

«እንግዲያው ተነስ፣ አንተ ወኪሉ አይደለህም።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ አንድ አስተማሪ የቦርከናን ውሀ ሊሸጥ ተቀመጠ። የማን ነው ሲባል «የሁላችንም» አለ። አባቴም «ሁላችሁም ተስማምታችሁ ስትመጡ አደራድራችኋለሁ» ብሎ አስነሳው። እንዲህ እንዲህ እያለ መሸ። አንድም ነገር አልተሸጠም። እኔ ሰው ሁሉ ጭጋጉን እየሸጠ፣ ወፉን እየገዛ ሲጫወት ነበር ያሰብኩት፤ አባቴ እንደ ቀረጥ ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ ከለከለ።

«ሥራዬን አበላሸህብኝ» አልኩት ስንወጣ።

«እኔም ሥራዬን ነው የሠራሁት» አለ።

እራት ሳልበላ ተኛሁ። ንዴቴ በረድ ሲልልኝ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ጭጋጉ የማን ነው፣ ወንዙ የማን ነው ሲባባል ዋለ። የእኔ ሰሌዳ ያላስነሳውን ጥያቄ አባቴ በሁለት ቃል አስነሳው። አራት ዓመት የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ኤግዚቢሽኑን የሠራው ግን እሱ ነው። ይህን ለማመን ትንሽ አመመኝ፣ ግን አመንኩ።

በማግስቱ ሰው የራሱን ይዞ መጣ። አንድ ገበሬ በሬዎቹን እያባበለ የሚያርስበትን ዜማ ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሸጠና እዚያው ቁጭ ብሎ እስኪይዝለት አስተማረው። አንድ ሱቅ ጠባቂ የዓርብ ቀትር እንቅልፉን ሸጠ። ሳቅ አለ፣ ግን ከፎጣው ስር እጅ ሲገባ ቤቱ ጭጭ ይላል። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ተምሬ በወጣሁበት ትምህርት ቤት በየትኛውም ሥዕል ፊት አላየሁም። ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ሀጂ መጡ። የመስበሐቸውን ዶቃ እየቆጠሩ አንድ ባንድ አዩና ትልቁ ሰሌዳ ፊት ቆሙ።

«ይቺ የኔ ዋርካ አይደለችም?»

«ናት፣ ሀጂ» አልኳቸው። ድምፄ ውስጥ ያለውን ቁጣ ለመደበቅ ብዙ አልሞከርኩም።

«እንግዲያው ሻጩ እኔ ነኛ» አሉና ተቀመጡ። ሀጂ ድርድር አይተው ማለፍ የማይችሉ ሰው ናቸው። ገበያ ውለው አንድ ነገር ሳይከራከሩ የገቡ ቀን እንቅልፍ አይወስዳቸውም ይባላል።

አባቴ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። «የምትሸጠው ዛፉን ነው ጥላውን?»

«ጥላውን። ዛፉን እፈልገዋለሁ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለገዢው ዕድሜ ልክ» አሉ ሀጂ፣ ፈገግ ብለው። ሰውም ሳቀ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ያኔ ግን እኔም ገደሉን አላየሁትም።

ገዢ ተጠየቀ። አሬራ ሻጯ ያን ቀን ከሮቢት በሚኒባስ የመጣችው አባቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ጭጋግ ሲያሻሽጥ ለማየት ነበር። ከኋላ ሰው እየገፋች መጣችና «እኔ አለሁ» አለች።

የሴት እጅ ከወንድ እጅ ጋር ጨርቅ ስር አይገናኝም። አባቴ ለዚህም ሥርዓት አለው። እሷ የነጠላዋን ጫፍ እጇ ላይ ጠቀለለች፤ እሱ ከሀጂ ጣት የያዘውን ወደ እሷ፣ ከእሷ የያዘውን ወደ ሀጂ ያመላልስ ጀመር። መጀመሪያ ሀጂ እየሳቁ ነበር። ቀስ በቀስ ሳቃቸው ጠፋ፣ መስበሐው ቆመ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። እሷ አንድ ጊዜ እጇን ነጥቃ ልትነሳ ስትል ሀጂ «ተመለሺ፣ ተመለሺ» አሉ። እንግዲህ ይቺ ሴት ምን ጣት እንዳቀረበች፣ እሳቸው ምን እንደጠየቁ አላውቅም። አባቴን ጠይቄው አያውቅም፤ ብጠይቀውም አይነግረኝም።

«ተጨበጠ?» አለ አባቴ።

«ተጨበጠ» አሉ።

«ተጨበጠ» አለች።

ዱዓ ተደረገ፣ «አላህ በረካ ያድርግላችሁ» ተባለ። እሷ መቀነቷን ፈታችና ለቀብድ የተጣጠፈ ብር አወጣች። ሀጂ እየሳቁ ተቀብለው ኮታቸው ኪስ ከተቱ፣ ለሁሉም ሰላምታ ሰጥተው ወጡ። ይህን ሁሉ አስበሽ ነው ያቀድሽው የሚሉኝ ሰዎች አሁንም አሉ። ወላሂ አላቀድኩም። እንዲህ ያለ ነገር ማቀድ የምችል ብሆን ኖሮ ስንቱን ባቀድኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጧት አባቴ ደወለልኝ። «ቶሎ ነይ» ብቻ ብሎ ዘጋው። ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አቅቶኝ ለሁለት ባዶ ወንበር ከፍዬ አስነሳሁት። ስደርስ ሞተር መጋዝ የያዙ ሁለት ሰዎች ዋርካው ስር ቆመዋል፤ አሬራ ሻጯ ግንዱን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ተነሱልን። የታዘዝነው ዛፉን ነው» ይሏታል።

«ዛፉን ቁረጡ፣ ማን ከለከላችሁ» ትላለች። «ጥላዬን ግን እንዳትነኩብኝ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ገበያው እየሞላ ሲሄድ ከብቱን ያሰረውም ያላሰረውም መጥቶ ከበበ። ሀጂ ተጠርተው መጡ፤ የገበያው ሽማግሌዎችም እዚያው ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሀጂ ገርሟቸዋል፣ ተቆጥተዋልም።

«ጨዋታ ነበር እኮ» አሉ። «የልጅ ሥዕል ነው። ንገሪያቸው እንጂ፣ ልጄ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንደኛው ሽማግሌ «አንቺ ነሽ የጠራሽው። ጨዋታ ብለሽ ነው ወይስ ገበያ ብለሽ?» አሉኝ።

 ገበያ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ጨዋታ ነው ብል ዛፉ ይወድቃል። «ሥዕል ነው የጠራሁት» አልኩ። «ሥዕል ግን የምሬን የምሠራው ሥራ ነው። በሕይወቴ ቀልጄ የሳልኩት ነገር ቢኖር የሥጋ ቤቱ በሬ ብቻ ነው።»

ጥቂት ሰው ሳቀ፣ ሀጂ ግን አልሳቁም። ያኔ አባቴ ከሰው መሀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ልጄ የፈለገችውን ስም ትስጠው። ፎጣው የኔ ነው። የባቲን ገበያ ከለቀቅሁ ወዲህ እዚህ ዛፍ ስር ስንት ሺህ ከብት አልፎበታል፣ ጨዋታ ነበር ተብሎ የተመለሰ አንድ ጥጃ የለም። ይሄ ጨዋታ ከሆነ ያ ሁሉ ጨዋታ ነው። ከብታችሁን ሁላችሁም መልሱ።»

ቃል የእምነት ዕዳ ነው የሚለውን ሁላችንም እንናገራለን። እሱ ግን ሥራውን ሁሉ፣ ስሙን ሁሉ ከእኔ ሰሌዳ ጎን አቆመው። ደረቴ ውስጥ የሆነው ነገር ደስታ ብቻ አይደለም፣ ድል ነው። ዛፉ ባይድን እንኳ ያን ሰዓት የማልለውጠው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። በዕድሜ የገፉት «የላም ወተት የሸጠ ላሟን ማረድ ይችላል ወይ?» ብለው ጠየቁ። «ላኪ! አይችልም!» አለ ሕዝቡ፣ ገሚሱ በኦሮምኛ ገሚሱ በአማርኛ። ሀጂም መውጫ ፈለጉ። ነጋዴ ናቸውና የውሉን ሥርዓት ያውቁታል። «ቀብዱን እጥፍ አድርጌ ልመልስላት» አሉ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ሐሳቡን ከለወጠ እጥፍ ይመልሳል፤ የታወቀ ነው። ኪሳቸው ገቡና ከእጥፍም በላይ፣ ብዙ ብር አወጡ። አሬራ ሸጣ በስንት ገበያ የማታገኘው ነው። ሽማግሌዎቹ ወደ እሷ ዞሩ። ከተቀበለች ነገሩ አበቃ። የሞተር መጋዙ ሰዎች ሳይቀሩ መጋዛቸውን መሬት አስቀምጠው ጠጋ አሉ። እኔም ብትቀበል አልፈርድባትም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ አንጀቴ ግን እምቢ በያቸው እያለ ይጮኽ ነበር።

ብሩን አየችው፣ ጥሩ አድርጋ አየችው። ከዚያ «አላህ ይጨምርልዎት፣ ሀጂ» አለች። «እኔ ግን ብር ልገዛ አልነበረም የመጣሁት።» ቅሉን አነሳችና አጠገቧ ለቆመው ደንበኛ አሬራ ቀዳችለት።

ሀጂ ብሩን እንደያዙ ቀሩ። ወደ ቅርንጫፉ ሽቅብ አዩ፣ ወደ ሕዝቡ አዩ። ገበያ ላይ የሰው ሀብቱ ስሙ ነው፣ እሳቸው ይህን ከማናችንም ይበልጥ ያውቃሉ። ብሩን አጥፈው ኪሳቸው መለሱና ለሞተር መጋዙ ሰዎች «ሂዱ፣ የመጓጓዣችሁን እሰጣለሁ» አሏቸው። መጋዘኑ በይዞታው በወዲያኛው ጫፍ፣ ዋርካው በማይደርስበት በኩል እንዲሠራ ተባለ። እልልታው አረፋ የደረሰ አስመሰለው። አባቴ ፎጣውን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ምንም እንዳልተፈጠረ አንድ ወይፈን ሊያሻሽጥ ሄደ።

ሰው ወደየከብቱ ሲበተን ቀትር ሆኖ ነበር። ሀጂ የመጋዘኑን አዲስ ቦታ ሊያስለኩ ካስጠሯቸው ሰዎች ጋር ሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩና ላብ በላብ ሆነው ወደ ዋርካው መጡ። የጥላው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ጫማቸው ፀሐዩ ላይ ነው፤ አንድ እርምጃ ቢራመዱ ይበቃቸው ነበር፣ ግን አልተራመዱም። ገበያው ሁሉ ያያቸዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ።

አሬራ ሻጯ ቀና ብላ አየቻቸው።  አጠገቧ የነበረውን በርጩማ በነጠላዋ ጠረገችና ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው።

«ይግቡ፣ ሀጂ» አለች። «ፀሐይ አይምታዎት።»